ሕክምና ወሰን አለውን?

ሕመምተኛን ለመርዳት በተነሣ ሰው ዘንድ ሁለት ነገሮች ይፈለጋሉ። አንደኛው ርኅራኄ ነው፤ ሁለተኛው ታማኝነት ነው። ርኅራኄ የሌለው ሐኪም ዕውቀቱ የበዛ ቢሆንም በሽተኛው ደጅ ሲጠና ይውላል እንጂ በዕውቀቱ አይጠቀምበትም። ታማኝነት የሌለው ሐኪም ደግሞ ርኅሩኅ መስሎ ቢታይም ባላወቀው ነገር ገብቶ የሰውን ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ ሕግ ባለበት አገር ሁሉ ርኅራኄው ለሐኪሙ ኅሊና ሲተው ታማኝነቱ ግን በሕግ ይጠበቃል። ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ሰው ይማራል፤ ይፈተናል፤ ከዚያም በኋላ የሥራ ፈቃድ ይቀበላል። ይህም ፈቃድ የክብር ጌጥ አይደለም፤ የሰው ሕይወት በአደራ የተሰጠው መሆኑን የሚያስረዳ ምስክር ነው።

እነዚህ ሁለት ነገሮች አብረው ሲሄዱ መልካም ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን እርስ በርሳቸው የሚጋጩ መስለው ይታያሉ። ርኅራኄ «ሂድና እርዳ» ሲል ሕግ «ቁም፤ ፈቃድህ እስከዚህ ድረስ ነው» ይላል። በዘመናችን ይህ ነገር ጎልቶ የሚታየው በአሜሪካ ነው። በዚያ አገር የተነሣው ክርክር ይህ ነው፤ በአንዱ ግዛት የሕክምና ፈቃድ ያለው ሐኪም በሌላው ግዛት የሚገኘውን በሽተኛ በስልክ ወይም በቪዲዮ አማካይነት ሊያክም ይገባዋልን? ወይስ አይገባውም? ነገሩ ላይ ላዩን ለሚያየው የሕግ ዐዋቂዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ጠልቆ ለተመለከተው ግን ጥንታዊ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሰው ለባልንጀራው ያለበት ግዴታ እስከ የት ይደርሳል የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

አስቀድመን ሕጉ እንዴት እንደ ቆመ እንመልከት። በአሜሪካ 50 ግዛቶች አሉ፤ የሐኪሞችን ፈቃድ የመስጠትና የመንሣት ሥልጣን ያለው ማዕከላዊው መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ግዛት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ማንም ሰው «ሐኪም ነኝ» ብሎ መድኃኒት እየሸጠ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞር ስለ ነበረ ግዛቶቹ ሕግ ማውጣት ጀመሩ። የዌስት ቨርጂኒያ ግዛት በ1882 ባወጣው ሕግ መሠረት የተከሰሰ አንድ ሐኪም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ቢከራከርም በ1889 ተፈረደበት። ፍርድ ቤቱ የሰጠው ምክንያት ዛሬም ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በሽተኛ የሆነ ሰው የሐኪሙን ዕውቀት ራሱ መርምሮ ሊለይ አይችልም፤ ስለዚህ ዕውቀቱን መርምሮ የሚመሰክርለት ሌላ አካል ያስፈልገዋል፤ ይህንም ማድረግ የግዛቱ መንግሥት መብት ነው የሚል ነበር።

ከዚህ መሠረት ሌላ ደንብ ተከተለ። ሕክምና ተፈጸመ የሚባለው ሐኪሙ በተቀመጠበት ቦታ ሳይሆን በሽተኛው በሚገኝበት ቦታ ነው። እንግዲህ ሐኪሙ በኒው ዮርክ ተቀምጦ በኒው ጀርሲ ያለውን በሽተኛ በቪዲዮ ቢያነጋግርና መድኃኒት ቢያዝለት፣ በሕግ ዓይን ሲታይ ወደ ኒው ጀርሲ እንደ ተሻገረ ይቈጠራል። ስለዚህም የኒው ጀርሲ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በጥንቱ ዘመን ይህ ደንብ ብዙ ሰው አላስቸገረም፤ ሐኪሙም በሽተኛውም በአንድ ክፍል ውስጥ ይገናኙ ነበርና።

ነገር ግን የሰው ጥበብ ርቀትን እየቀነሰ ሄደ። በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ ዊለም አይንትሆቨን የተባለው ሊቅ ከሆስፒታል እስከ ቤተ ሙከራው ድረስ በተዘረጋ የቴሌፎን ሽቦ የልብን ምት አስተላልፎ መመዝገቡን በ1906 አስታወቀ። በ1964 በነብራስካ ግዛት በከተማ ያሉ የአእምሮ ሐኪሞች 112 ማይል ርቆ በሚገኝ ሆስፒታል ያሉትን ሕመምተኞች በቴሌቪዥን አማካይነት ማየት ጀመሩ። በ1968 ደግሞ በቦስተን ከተማ በአንድ ሆስፒታልና በአውሮፕላን ማረፊያው መካከል ይህን የመሰለ ግንኙነት ተቋቋመ። ዛሬ ግን ይህን ለማድረግ ሽቦ መዘርጋት አላስፈለገም፤ በእጅ የሚያዝ ስልክ ይበቃል። ጥበቡ ድንበሩን ሲያልፍ ሕጉ በድንበሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

በ2020 የኮሮና ተስቦ በተነሣ ጊዜ ግዛቶቹ ሁሉ ማለት ይቻላል በራቸውን ከፈቱ። ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ በተከለከለበት ወራት በሌላ ግዛት ያለው ሐኪም በቪዲዮ እንዲያክም በጊዜያዊ ትእዛዝ ተፈቀደ። ብዙ ሕመምተኞችም በዚህ ተጠቀሙ። ከዚያ በኋላ ግን በ2021ና በ2022 ብዙዎቹ ትእዛዞች ተሻሩ። ያን ጊዜ አስገራሚ ነገር ታየ። ሕመምተኞች መኪናቸውን እየነዱ የግዛቱን ወሰን ተሻግረው፣ በመንገድ ዳር ወይም በመኪና ማቆሚያ ስፍራ ቆመው፣ ከሐኪማቸው ጋር በስልክ መነጋገር ጀመሩ። ሐኪሙ ያው ነው፤ በሽተኛው ያው ነው፤ በሽታውም ያው ነው፤ የተለወጠው መኪናው የቆመበት መሬት ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያይ ሰው ሁሉ «ይህ ሕግ የሚጠብቀው ማንን ነው?» ብሎ መጠየቁ የማይቀር ነው።

እንግዲህ ወሰኑ ይከፈት የሚሉት ሰዎች ምክንያታቸው ብዙ ነው። በመጀመሪያ በሽታ የግዛት ወሰን አያውቅም ይላሉ። እምብዛም የማይገኝ በሽታ የያዘው ሰው በሽታውን የሚያውቁለት ሐኪሞች በጥቂት ከተሞች ብቻ ይገኛሉ፤ ለአጭር ምክር በሺህ ማይል የሚቈጠር መንገድ እንዲሄድ ማስገደድ ለድኩም ሰው ሌላ በሽታ መጨመር ነው። ሁለተኛም ዕውቀቱ አንድ ነው ይላሉ። ከ1992 ጀምሮ በአሜሪካ የሕክምና ዶክተሮች የሚፈተኑት በአገር አቀፍ ደረጃ በተዘጋጀ አንድ ዓይነት ፈተና ነው፤ በአንዱ ግዛት ዐዋቂ የተባለ ሰው ወንዝ ሲሻገር አላዋቂ ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው ምክንያት የእኛን ወገኖች በቀጥታ የሚነካ ነው። በአሜሪካ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የሚገኙት በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ነው። ይህች ከተማ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መካከል ያለች ስለ ሆነች በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው በሜሪላንድ ሕግ፣ በአሌክሳንድርያ የሚኖረውም በቨርጂኒያ ሕግ ይተዳደራሉ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን አጭር ነው። በእርጅናዋ ልጆቿን ተከትላ ወደዚያ የሄደች አንዲት እናት በቨርጂኒያ ትኖራለች እንበል። እንግሊዝኛ አታውቅም። ሌሊት እንቅልፍ አጥታለች፤ ልቧም ተጨንቋል። አማርኛ የሚናገር የአእምሮ ሐኪም የሚገኘው ግን በሜሪላንድ ነው። በልጇ አስተርጓሚነት ከሌላ ሐኪም ጋር ትነጋገር ቢባል፣ እናት በልጇ ፊት የማትናገረው ብዙ ነገር አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና፣ ለእርሷ የቋንቋዋን ሐኪም መከልከል ማለት መድኃኒቱን መከልከል ማለት ነው።

ወሰኑ ይጠበቅ የሚሉት ሰዎችም የሚናገሩት በጭካኔ አይደለም፤ የእነርሱም ምክንያት በእውነት የተመሠረተ ነው። በ2005 በካሊፎርኒያ ግዛት የሚኖር አንድ ወጣት ተማሪ ለመንፈስ ጭንቀት የሚሰጥ መድኃኒት በኢንተርኔት አዘዘ። ማዘዣውን የፈቀደው በኮሎራዶ ግዛት የነበረ ሐኪም ሲሆን ወጣቱን በዓይኑ አላየውም፤ ቃል ለቃልም አልተነጋገሩም፤ የተመለከተው ወጣቱ የሞላውን የጥያቄ ቅጽ ብቻ ነበር። ወጣቱም በዚያው ዓመት ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። የካሊፎርኒያ መንግሥት ሐኪሙን ያለ ፈቃድ ሕክምና ሰጥቷል ብሎ ከሰሰው። ሐኪሙም «እኔ ወደ ካሊፎርኒያ አልሄድሁም» ብሎ ተከራከረ፤ የይግባኙ ፍርድ ቤት ግን በ2007 እግሩ ባይረግጥም ሥራው በዚያ ስለ ደረሰ በዚያ ሊጠየቅ ይገባዋል አለ። ይህ ፍርድ ትልቅ ትምህርት አለው። ሰው እጁ ባልደረሰበት ስፍራ ቃሉ ከደረሰ፣ ከቃሉ ለሚመጣው ነገር ኀላፊነት አለበት።

ደግሞም ወሰኑ ይጠበቅ የሚሉት ሰዎች የቀድሞውን ታሪክ ያስታውሳሉ። በአንዱ ግዛት በሠራው በደል ፈቃዱን የተነጠቀ ሐኪም ወደ ሌላው ግዛት ተሻግሮ እንደ ገና ይሠራ ነበር። ይህን ለመከልከል በ1986 ሕግ ወጣ፤ በዚያም ሕግ መሠረት በሐኪሞች ላይ የተወሰነው ቅጣት የሚመዘገብበት አገር አቀፍ መዝገብ በ1990 ሥራውን ጀመረ። ከዚህም ሌላ የቅርቡ ሐኪም ጉዳይ አለ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንደሚባለው፣ በገጠር ያለው ትንሽ ክሊኒክ ቀላሉን በሽተኛ ሁሉ በሩቅ ከተማ ላለ ድርጅት ከለቀቀ ገቢው ይጐድላል፤ ገቢው ከጐደለ ይዘጋል፤ ከተዘጋ ደግሞ ሆድ ዕቃውን ተይዞ በሌሊት የሚጮኸውን ሰው ማን ይዳስሰዋል? የስልክ መስታወት ፊትን ያሳያል እንጂ እብጠትን በእጅ አይዳስስም።

አንባቢ ሆይ፤ ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ታዲያ በምን እንፍረድ? ሕግን ለመመዘን ቀና የሆነው መንገድ የተሠራበትን ምክንያት መመርመር ነው። አጥር ለእህሉ ይታጠራል እንጂ እህል ለአጥሩ አይዘራም። የሐኪም ፈቃድ በግዛት የተወሰነው ለበሽተኛው ጥበቃ ሲባል መሆኑን ከ1889ኙ ፍርድ አይተናል። እንግዲህ ወሰኑ በሽተኛውን ከአታላይና ከአላዋቂ ሲጠብቀው መልካም ነው፤ በሽተኛውን ከታመነ ሐኪሙ ሲለየው ግን የተሠራበትን ምክንያት ራሱ ያፈርሳል።

በእኛ ጉባኤ ቤቶች ዘንድ ይህን የሚያስረዳ ልማድ አለ። የቅኔ ተማሪ ከጎጃም ተነሥቶ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ወሎ ሲሻገር መምህሩ አጥብቆ የሚመረምረው የትውልድ አገሩን አይደለም። «ከማን ተማርህ? እስከ የትስ ደረስህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። የታወቀ መምህር የመሰከረለት ከሆነ ይቀበለዋል፤ ነገር ግን ከተቀበለው በኋላ ተማሪው በአዲሱ ጉባኤ ሥርዓት ይተዳደራል እንጂ «እኔ የሌላ አገር ተማሪ ነኝ» ብሎ ከሥርዓቱ ነጻ ሊሆን አይችልም። በዚህ ልማድ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተለይተው ይታያሉ። የመግቢያው በር ምስክር ላለው ሁሉ ክፍት ነው፤ ተጠያቂነቱ ግን በገባበት ስፍራ ነው። የሐኪሙም ነገር እንዲህ ቢሆን ክርክሩ መፍትሔ ያገኛል። «ወዴት ተቀመጠ?» ከማለት ይልቅ «ማን መሰከረለት? ቢበድልስ በማን ፊት ይቆማል?» ብለን እንጠይቅ።

በአሜሪካ ወደዚህ የሚያደርሱ ልዩ ልዩ መንገዶች ተጀምረዋል። በ2017 ሥራውን የጀመረው የግዛቶች የሕክምና ፈቃድ ስምምነት ከ40 የሚበልጡ ግዛቶች የገቡበት ሲሆን፣ ነውር ያልተገኘበት ሐኪም በብዙ ግዛቶች ፈቃድ በፍጥነት እንዲያገኝ ያደርጋል። ነርሶች ከዚህ የሰፋ ስምምነት አላቸው፤ አንዱ ፈቃዳቸው በስምምነቱ አባል ግዛቶች ሁሉ ያገለግላል። የፍሎሪዳ ግዛት በ2019 ባወጣው ሕግ የሌላ ግዛት ሐኪም ተመዝግቦ በፍሎሪዳ ያሉትን ሕመምተኞች ከሩቅ እንዲያክም ፈቀደ። የቀድሞ ወታደሮችን የሚረዳው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከ2018 ጀምሮ ሐኪሞቹ በየትኛውም ግዛት የሚገኘውን የቀድሞ ወታደር በርቀት እንዲያክሙ አድርጓል። በ2023ም የሜሪላንድ፣ የቨርጂኒያና የዋሽንግተን ዲሲ የሕክምና ቦርዶች በአንዳቸው ዘንድ ፈቃድ ያለው ሐኪም በሌላው ዘንድ በአፋጣኝ እንዲያገኝ ተስማምተዋል። ከዚህ በላይ በምሳሌ የጠቀስናት እናት ችግሯ በዚህ መንገድ ሊቃለል ይችላል ማለት ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ገና ጐድሏል። የሐኪሞቹ ስምምነት ፈቃዱን ያፋጥናል እንጂ አንድ አያደርገውም፤ ሐኪሙ የስምምነቱን 700 ዶላርና የእያንዳንዱን ግዛት ክፍያ መክፈል አለበት። ይህ ሺህ በሽተኛ ለሚፈልግ ትልቅ ድርጅት ቀላል ነው። አንድ በሽተኛ ብቻ ላለው ሐኪም ግን ከባድ ነው። ለምሳሌ አንድ ወጣት ለሁለት ዓመት ሲያክመው የነበረውን ሐኪም ትቶ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወደ ሌላ ግዛት ቢሄድ፣ ያ ሐኪም ለእርሱ ብቻ ብሎ አዲስ ፈቃድ ሊያወጣ ይችላልን? ካልቻለስ ወጣቱ ልቡን ከፍቶ የተናገረውን ሁሉ ለአዲስ ሰው ከመጀመሪያ ሊተርክ ነውን?

በእኔ አስተያየት እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ግዴታዎችን መለየት ይገባል። አዲስ በሽተኛ ለመፈለግ ወሰን መሻገርና የያዙትን በሽተኛ ላለመጣል ወሰን መሻገር አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሥራን ማስፋት ነው፤ ስለዚህ ምዝገባና ክፍያ ቢጠየቅበት ግፍ አይሆንም። ሁለተኛው ግን የተጀመረ አደራን መፈጸም ነው። አደራ ደግሞ ባለ አደራው ወይም ባለ ገንዘቡ ስፍራ ስለ ለወጠ አይቀርም። ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ በአካል ያየውን፣ ታሪኩን የሚያውቀውን በሽተኛ በየትኛውም ግዛት ቢሆን ተከታትሎ እንዲረዳው፣ ቢበድል ግን በሽተኛው ባለበት ግዛት እንዲጠየቅ መፍቀድ ከርኅራኄም ከፍትሕም ጋር የሚስማማ ነው።

በወንጌል የሚገኘውን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ የማያውቅ ምእመን የለም። ብዙ ጊዜ የምናስተውለው ወሰን ተሻግሮ የወደቀውን ሰው ማንሣቱን ነው። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ግን ቸል እንላለን። ቁስሉን በእጁ አሰረ፤ ወደ ማደሪያ ወሰደው፤ በአጠገቡ ሆኖ ለሚጠብቀው ሰው ሰጠው፤ ወጪውን ከፈለ፤ ተመልሶ እንደሚመጣና የጐደለውን እንደሚከፍል ቃል ገባ። እንግዲህ ርኅራኄው ወሰን አልነበረውም፤ ሥርዓት ግን ነበረው። ከሩቅ የሚያክም ሐኪምም እንዲሁ በበሽተኛው አጠገብ የሚገኝ ሐኪምና ሆስፒታል ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ሊያውቅ፣ በዓይን ብቻ ሊለይ የማይችለውንም በሽታ በእጅ ወደሚዳስሰው ሊመራ ይገባዋል። ያን ጊዜ የሩቁ ሐኪም የቅርቡን ሐኪም ሥራ የሚያፈርስ ሳይሆን የሚረዳ ይሆናል።

በመጨረሻ ስለ በሽተኛው ድርሻ አንድ ነገር ልናገር። ሐኪሙ በቪዲዮ ሲገናኝ አስቀድሞ «አሁን የት ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። በቨርጂኒያ ተቀምጦ «በሜሪላንድ ነኝ» ማለት ለብዙ ሰው ትንሽ ነገር ይመስለዋል፤ ሐኪሙን እንዳያጣ ብሎ ነውና። ነገር ግን ይህች ቃል ሁለት ጉዳት አላት። አንደኛ፣ ሐኪሙን ሳያውቅ ሕግ አፍራሽ ታደርገዋለች። ሁለተኛ፣ በሽተኛው በንግግሩ መካከል ራሱን ቢስት አምቡላንሱ የሚላከው ወደ ሌላ ስፍራ ነው። እንግዲህ ሕይወቱን ለማዳን የተናገረው ሐሰት ሕይወቱን ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ በሽተኛው እውነቱን ይናገር፤ ሐኪሙም እውነቱን ሰምቶ የሚፈቀደውን መንገድ ይፈልግለት። ሕግ አውጪዎችም ቢሆኑ ጨዋን ሰው በሕመሙ ሰዓት ሐሰት እንዲናገር የሚያስጨንቅ ሕግ መታረም እንዳለበት ሊያስተውሉ ይገባል።

በዚያ አገር ምእመናንን የምታገለግሉ ካህናትም ሕመምተኛ ስትጠይቁ ይህን ብታውቁ ለብዙ ሰው ትጠቅማላችሁ። በቋንቋው የሚረዳው ሐኪም አጥቶ በቤቱ የተዘጋ ሰው ብታገኙ ሐኪሙ በሌላ ግዛት ስለ ሆነ ብቻ ተስፋ እንዳይቆርጥ ንገሩት፤ ሐኪሙ በበሽተኛው ግዛት ፈቃድ ያለው መሆኑን ወይም ሊያገኝ የሚችል መሆኑን እንዲጠይቅ ምከሩት። ፈቃድ የሌለውና ማንም የማይመሰክርለት፣ በስልክ ብቻ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ቢያጋጥመው ግን እንዲሸሽ አስጠንቅቁት። ለታመነው ሐኪም በሩ ሲከፈት፣ ላልታመነው ደግሞ ተጠያቂነቱ ሲጸና፣ ርኅራኄና ሕግ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ።